በሽታው ቢያገረሽ ወንድም አይወቀስ

በለገዳዲ ለከተማው ነዋሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ ደም ካንሰር ነው፤ በተለይም ስለ አንድ ክፉ ቀን። ቤተሰብ ንብረት ሸጦ፣ ከዘመድ ከወዳጅ አዋጥቶ ታማሚውን ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ባሕር ማዶ ይልካል። ወንድም ወይም እህት ግንደ ሕዋስ ይሰጣል። ታማሚው ድኖ ይመለሳል፤ ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ወራት ያልፋሉ። አንድ ቀን የደም ምርመራው ውጤት ይበላሻል፤ በሽታው አገርሽቷል። ያን ዕለት ቤት ውስጥ «ምን እናድርግ?» ከሚለው ቀድሞ የሚነሳው «ምን በድለን ነው?» የሚለው ነው። «የሰጠው ሰው ደም አልተስማማውም» ይባላል። ለጋሹም አንገቱን ደፍቶ «የእኔ ነገር አልሆነለትም» እያለ ራሱን ይበላል።

ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ከንቅለ ተከላ በኋላ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር የሚያገረሽበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በካንሰሩ ሕዋስ ዘረመል ውስጥ አለ። ምክንያቱ ተመርምሮ ሊታወቅም ይችላል። ያወቀ ሐኪም ቀጣዩን ሕክምና ለይቶ ይመርጣል፤ ያወቀ ቤተሰብም በለጋሹ ላይ ጣት አይቀስርም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ደማችን የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። እዚያ ግንደ ሕዋስ የሚባሉ እናት ሕዋሳት አሉ፤ ቀዩም፣ ነጩም፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌትም የሚወለዱት ከእነሱ ነው። ሉኪሚያ የሚነሳው ከእነዚህ የአንዱ ዘረመል ሲበላሽ ነው። ያ ሕዋስ ወግ ባለው መንገድ በስሎ አርጅቶ መሞቱን ትቶ መባዛት ብቻ ይይዛል። ልጆቹ መቅኔውን ሲያጥለቀልቁት ለጤነኛው ደም ቦታ ይጠፋል። ታማሚው ይገረጣል፤ ትኩሳት ይመላለስበታል፤ ሳይመታ ሰውነቱ ይበልዛል፤ ድዱ ይደማል። ይህ የዘረመል ብልሽት በአብዛኛው ሰውየው ከተወለደ በኋላ የተፈጠረ ነው፤ ከእናት ከአባት የወረደ አይደለም።

መድኃኒት ብቻውን የማይበቃበት ታማሚ ሲያጋጥም ሐኪሞች ንቅለ ተከላን ያስባሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያ ሙከራዎቹን ሲያሳትም መቅኔ የተሰጣቸው ታማሚዎች 6 ነበሩ፤ 100 ቀን ያለፈ ግን አልነበረም። ቶማስ ተስፋ አልቆረጠም። በ1990 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል አብሮት የተሸለመው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ፈር ቀዳጁ ጆሴፍ መሪ ነበር።

ሁለቱ አብረው ቢሸለሙም ሥራቸው የተለያየ ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። በኩላሊት ላይ ትልቁ ስጋት የታማሚው ሰውነት እንግዳውን ኩላሊት አልቀበልም እንዳይል ነው። በመቅኔ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የታማሚው የቀድሞ መቅኔ በከባድ መድኃኒት ወይም በጨረር ከተደመሰሰ በኋላ ከለጋሹ የሚገባው ግንደ ሕዋስ ደም ብቻ ሳይሆን አዲስ የሰውነት መከላከያ ይሠራል። ያ መከላከያ የለጋሹ ነውና የታማሚውን አካል እንደ ባዕድ ሊያይ ይችላል፤ ቆዳውን፣ አንጀቱን፣ ጉበቱን ያጠቃል። ሐኪሞች ይህን በብርቱ ይፈሩታል።

ይሁን እንጂ ይኸው የሚፈራ ጠባይ ጥቅም እንዳለው ቀስ በቀስ ታወቀ። ቶማስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ሉኪሚያ ለያዛቸው ታማሚዎች ከመንታ ወንድም ወይም እህት የተወሰደ መቅኔ ሰጡ። የአንድ ዕንቁላል መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ተስማሚ ለጋሽ ሊኖር አይችልም። መቅኔው ያለ ችግር ሠራ፤ ሉኪሚያው ግን በወራት ውስጥ ተመለሰ። በ1990 የታተመና ከ2 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ምክንያቱን አመለከተ። ከመንታ የተቀበሉት ከሌላ ወንድም ወይም እህት ከተቀበሉት ይልቅ በብዛት ያገረሽባቸዋል። የለጋሹ ሕዋሳት አካላቸውን በመጠኑ ያጠቃባቸው ታማሚዎች ደግሞ ያገረሸባቸው በጥቂቱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ካንሰሩን ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒቱና ጨረሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ መንታ ለጋሽ ከሁሉ ይሻል ነበር። ያ ግን አልሆነም፤ ቀሪውን ካንሰር እያሳደደ የሚገድለው የለጋሹ ነጭ የደም ሕዋስ ነው፤ ይህን ማድረግ የሚችለውም ከታማሚው ጥቂት ልዩነት ስላለው ነው። ሙኒክ የነበሩት ሐኪም ሃንስ ዮኸም ኮልብ ይህን በግልጽ አሳዩ። ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው ሲ ኤም ኤል የሚባለው ቀስ ብሎ የሚሄድ ሉኪሚያ ያገረሸባቸው 3 ታማሚዎች ነበሩ። ከዚያው ከመጀመሪያው ለጋሻቸው ነጭ የደም ሕዋስ ተወስዶ ኢንተርፌሮን ከሚባል መድኃኒት ጋር ሲሰጣቸው የካንሰሩ ምልክት ከመቅኔያቸው ጠፋ። ይህም በ1990 ታተመ። «ደሙ አልተስማማውም» የተባለው ለጋሽ ሁለተኛ ጊዜ ሰጥቶ ወንድሙን ያተረፈበት ታሪክ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ኃይል ያለው ጠባቂ ከገባ ሉኪሚያ ለምን ያገረሻል? ኤ ኤም ኤል በሚባለው አጣዳፊ ሉኪሚያ ከ10 ተቀባዮች በ3 ወይም በ4 ያህሉ ላይ እንደሚያገረሽ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ፤ አብዛኛው የሚሆነውም በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው። መልሱን በሁለት ከፍዬ አቀርባለሁ። አንዱ ካንሰሩ ገና ከጅምሩ ይዞት የመጣው የዘረመል ጠባይ ነው። ሌላው ከለጋሹ ሕዋስ ለማምለጥ ኋላ ያመጣው ለውጥ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ሁሉም ሉኪሚያ እኩል አይደለም። ቲፒ53 የሚባል ዘረመል አለ፤ ሥራው የተበላሸ ሕዋስ እንዳይባዛ ማስቆምና ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ማዘዝ ነው። ይህ ዘረመል በካንሰሩ ውስጥ ከተበላሸ ሕዋሱ መድኃኒትንም ጨረርንም ይቋቋማል፤ ከንቅለ ተከላ በኋላ የማገርሸቱም ዕድል ከፍ ይላል። ኤፍኤልቲ3 የሚባለው ሌላው ነው፤ በውስጡ አንድ ቁራጭ ሲደገም ሕዋሱ ያለማቋረጥ «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ለዚህኛው ጊልተሪቲኒብንና ሶራፌኒብን የመሰሉ ክኒኖች ስላሉ ከንቅለ ተከላ በኋላም እንዲወሰዱ የሚታዘዝበት ሁኔታ አለ። ስለዚህ «ሉኪሚያ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። የትኛው ዘረመል ተበላሽቷል የሚለው መልስ ከንቅለ ተከላው በፊትም በኋላም ሕክምናውን ይወስናል።

ለአገራችን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ሲ ኤም ኤል ነው። የዚህ በሽታ መነሻ በ9ኛውና በ22ኛው ክሮሞሶም መካከል የሚደረግ የቁራጭ ልውውጥ ነው። ከልውውጡ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ድቅል ዘረመል ይወለዳል። ያልተለመደውን ትንሽ ክሮሞሶም እ.ኤ.አ. በ1960 በፊላደልፊያ ሁለት ተመራማሪዎች አዩት፤ ልውውጥ መሆኑን በ1973 ያረጋገጠችው ጃኔት ራውሊ ናት። ድቅሉን ለይቶ የሚገታው ኢማቲኒብ፣ ሕዝቡ ግሊቬክ የሚለው ክኒን፣ በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ሲ ኤም ኤልን ለማዳን ተስፋ የሚጣለው በንቅለ ተከላ ላይ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ታማሚ በክኒን ይኖራል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ማክስ ፋውንዴሽን በሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ፕሮግራም ብዙ ወገኖቻችን መድኃኒቱን በነጻ ሲያገኙ ኖረዋል። ቢሆንም ዘረመሉ ራሱን ይለውጣል። ቲ315አይ የሚባለው ለውጥ ሲመጣ ኢማቲኒብ መያዣ ቦታውን ያጣል፤ ያኔ ሌላ መድኃኒት ወይም ንቅለ ተከላ ይታሰባል። አንድ ዘረመል ሲታወቅ የሕክምናው መንገድ እንዴት እንደሚቀየር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ማምለጡ ልለፍ። የለጋሹ ነጭ የደም ሕዋስ ወዳጅን ከባዕድ የሚለየው ኤች ኤል ኤ በሚባሉ መለያዎች ነው። እነዚህን የሚያዝዙት ዘረመሎች በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ። እያንዳንዳችን አንዱን ስብስብ ከእናታችን፣ ሌላውን ከአባታችን እንወርሳለን። ስለዚህ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች እርስ በርስ ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። 4 ወንድምና እህት ያለው ታማሚ ቢያንስ አንድ ሙሉ ተመሳሳይ የማግኘት ዕድሉ 68 በመቶ ያህል ይሆናል። እናትና አባት ግን ከልጃቸው ጋር ምንጊዜም ቢያንስ በግማሽ ይመሳሰላሉ።

በግማሽ ከሚመሳሰል ለጋሽ መቀበል ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። እስቲ እናት ለልጇ ሰጠች እንበል። የእናት ነጭ ሕዋሳት በልጁ ካንሰር ላይ የሚያዩት ባዕድ ምልክት ልጁ ከአባቱ የወረሰው ግማሽ ነው፤ የሚያጠቁትም በእሱ ምልክትነት ነው። ሚላን ውስጥ በሳን ራፋኤሌ ሆስፒታል እነ ሉካ ቫጎ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት አስደናቂ ነገር ገለጠ። በግማሽ ተመሳሳይ ለጋሽ ተሰጥቷቸው ካገረሸባቸው 17 ታማሚዎች በ5ቱ ካንሰሩ ያንን የማይመሳሰል ግማሽ ከ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ጥሎ የሚመሳሰለውን ደግሞት ተገኘ። በእኛ ምሳሌ የአባቱን ምልክት አውልቆ የእናቱን ሁለት ጊዜ ለበሰ ማለት ነው። ያኔ የእናት ሕዋሳት ካንሰሩን ሲያዩ የገዛ ራሳቸው ይመስላቸዋል፤ አይነኩትም።

እዚህ ላይ ማን ምን አጠፋ? እናት የሰጠችው ሕዋስ ሥራውን ሠርቷል። ያን ያህል አጥብቆ ባያሳድድ ኖሮ ካንሰሩ ምልክቱን ለመጣል ባልተገደደም ነበር። ካንሰሩ በዚህ መንገድ ሲያመልጥ ከእናት ተጨማሪ ነጭ ሕዋስ መስጠት የሚረባው ነገር የለም፤ አደጋው ግን ይኖራል። መፍትሔው የቀረውን ምልክት ባዕድ ብሎ የሚያይ ሌላ ለጋሽ መፈለግ ነው። በምሳሌያችን አባት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ከእናቱ የወረሰው ግማሽ ለአባት ሕዋሳት ባዕድ ነውና። አንድ የላቦራቶሪ ውጤት ከእናት ወደ አባት ሊያዞረን ይችላል።

ሁለተኛው የማምለጫ መንገድ ከዚህ ይለያል። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ኤ ኤም ኤል ካገረሸባቸው 34 ታማሚዎች በ17ቱ ካንሰሩ ክላስ ቱ የሚባሉትን የኤች ኤል ኤ መለያዎች ቀንሶ ተገኘ። ዘረመሎቹ አልጠፉም፤ ሥራቸውን እንዲያቀዘቅዙ ተደርገዋል። ከታማሚ በተወሰደ ሕዋስ ላይ በላቦራቶሪ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ንጥረ ነገር ሲጨመርበት መለያዎቹ ተመልሰው ወጡ። የተሰረዘው ዘረመል አይመለስም፤ የተኛው ግን ሊቀሰቀስ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ለሐኪሙ ትልቅ ቁምነገር ነው።

«እንግዲያስ ለጋሹ ፈጽሞ ምክንያት አይሆንም?» የሚል ካለ ተገቢ ጥያቄ ነው። እምብዛም የማያጋጥም አንድ ሁኔታ አለ። አዲሱ ሉኪሚያ ከለጋሹ ሕዋስ ራሱ ሊነሳ ይችላል። አንዳንድ ቤተሰብ ዲዲኤክስ41 ወይም ረንክስ1 የመሰለ የተበላሸ ዘረመል ከትውልድ ወደ ትውልድ ያወርዳል። ታማሚውም ለጋሹ ወንድሙም ሳያውቁት ይዘውት ሊሆን ይችላል። በቤተሰቡ ከአንድ በላይ ሰው በደም ካንሰር ታሞ ከነበረ ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለጋሹ ይመረመራል፤ ካለበት ሌላ ይመረጣል። በዚህም ቢሆን ሰውየው የሚወቀስበት ነገር የለም። ማንም ዘረመሉን መርጦ አልተወለደም።

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የለጋሾች መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናት እንደሚለው የአውሮፓ ዝርያ ያለው ነጭ ታማሚ ከመዝገቡ ሙሉ ተመሳሳይ የማግኘት ዕድሉ 75 በመቶ ነው። ለጥቁር ታማሚዎች ግን ከ16 እስከ 19 በመቶ ብቻ ነው። አንዱ ምክንያት በመዝገቡ የገቡት ጥቁሮች ማነሳቸው ነው። ሌላው ደግሞ የአፍሪካ ሕዝብ የዘረመል ስብጥር ከሌላው ዓለም የሰፋ መሆኑ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ሙሉ ተመሳሳይ ወንድም ወይም እህት ካጣ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው በግማሽ የሚመሳሰል ዘመድ ነው። ምልክትን ጥሎ ማምለጥ በብዛት የሚታየውም እዚያው ላይ ነው። ይህ ምርመራ ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከታል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። በውጭ የምትኖሩ ልጆቻችንም በምትኖሩበት አገር መዝገብ ብትገቡ ተመሳሳይ ለጋሽ የማግኘቱ ዕድል ከፍ ይላል። ምዝገባው በአብዛኛው የጉንጭ ውስጥ ናሙና ከመስጠት አያልፍም።

ሉኪሚያ በአገራችን ቤት ለቤት የገባ ሐዘን ነው። አቶ ወንዱ በቀለና ወይዘሮ አምሳለ በየነ ሕፃን ልጃቸውን ማቴዎስን በሉኪሚያ ካጡ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በስሙ የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ሐዘናቸውን ወደ ተቋም ለወጡት። የእነሱን መንገድ እያሰብኩ እኛ ደግሞ በየቤታችን ማድረግ የምንችለውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ በሽታው ሲታወቅ የተደረገውን የዘረመልና የክሮሞሶም ምርመራ ውጤት በወረቀት ተቀበሉ፤ ቅጂውን ቤት አስቀምጡ። ሲያገረሽ የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው። የመጀመሪያው ከጠፋ ካንሰሩ ምን እንደቀየረ ማወቅ ያስቸግራል።

ሁለተኛ፣ ለጋሽ ሲፈለግ የሁሉንም ቤተሰብ የኤች ኤል ኤ ውጤት ጠይቃችሁ ያዙ። የተመረጠውን ብቻ አይደለም። «አልሆነም» ተብሎ የተመለሰው ወንድም ወይም አባት ነገ ካንሰሩ ምልክቱን ሲጥል ከሁሉ የተሻለው ለጋሽ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ተጨማሪ ነጭ ሕዋስ ከዚያው ለጋሽ ልስጥ ሲል «ካንሰሩ ኤች ኤል ኤውን ጥሎ እንደሆነ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከባሕር ማዶ ስትመለሱ ክትትሉ እንዳይቋረጥ። ይህን ለለገዳዲ ሰው ማስረዳት አይከብደኝም። ከ50 ዓመት በላይ አዲስ አበባን ያጠጣው የእናንተው ግድብ ነው። ከማጣሪያ የወጣ ውሃ በብርጭቆ ሲታይ ኩልል ቢልም ላቦራቶሪ ሳያየው ወደ ከተማው አይለቀቅም። የደምም ነገር እንዲሁ ነው። በማይክሮስኮፕ ከ100 የመቅኔ ሕዋሳት ከ5 በታች የሆነ የካንሰር ሕዋስ ሲታይ «ጠፍቷል» ሊባል ይችላል። የዘረመል ምርመራ ግን ከ100 ሺህ ሕዋሳት መካከል አንዷን ሊያገኝ ይችላል። ጥቂት ሳሉ ከተያዙ መድኃኒት መቀየር፣ የለጋሹን መከላከያ የሚያፍነውን መድኃኒት መቀነስ፣ ነጭ ሕዋስ መጨመር ይቻላል። ከሞሉ በኋላ ግን ጊዜው ይጠባል። ለቲቢ ምርመራ በየጤና ተቋሙ የምታውቁት ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የቢሲአር-ኤቢኤልን መጠን የሚለካ ካርትሪጅም አለው። የጤና ባለሙያዎች ይህን በቦታችሁ ሆናችሁ ጠይቁ፤ ለሚመለከተው አካልም አሳስቡ።

አራተኛ፣ መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ጸበል የሚጠመቅም፣ ዱዓ የሚያስደርግም ሰው ክኒኑን ይዋጥ። መከላከያ የሚያፍነውን መድኃኒት ያለ ትእዛዝ ያቋረጠ ሰው የለጋሹ ሕዋስ በአካሉ ላይ ሊነሳበት ይችላል፤ ሲ ኤም ኤል ያለበት ሰው ክኒኑን በየመሃሉ ከተወ ደግሞ ካንሰሩ ይበረታበታል።

በመጨረሻ መቅኔ ለሰጣችሁ፣ ልትሰጡም ላሰባችሁ አንድ ቃል አለኝ። የታማሚው በሽታ ቢያገረሽ የእናንተ ስጦታ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም፤ ካንሰሩ ራሱን እስኪቀይር ያስገደደው የእናንተ ሕዋስ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብም በዚያ ክፉ ቀን የሚያደርገው ሥራ አለው። የድሮውን ወረቀት ያውጣ፤ ከአዲሱ ምርመራ ጋር ለሐኪሙ ያቅርብ፤ የቀሩትን ዘመዶች ስም ዝርዝር ያዘጋጅ። ለጋሹንም አጠገቡ ያስቀምጠው፤ ዳግመኛ ሊፈለግ ይችላልና።

 አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከታካሚ ቤተሰቦች እንጀምር።